ትርፍ ሰው

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ሊፍቱ ከማይሠራው፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የቢሯችን ስፍራው፤
የመኪና መለዋወጫ እናስመጣለን፣
ፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እንሸጣለን፤
ስድስት ሰዎች ነን፣ ሒሳብ ክፍል ያለን።

ፕሮግራማችን ያው ነው፣ እንደ አገሩ ልማድ፣
ከመርካቶ በፍላሽ የመጣ፣ ያለ ፈቃድ፤
መቶ ሃምሳ ብር ነው፣ ለልጁ ከነሻዩ፤
"ጊዜው አልፏል" የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ ከላዩ።
እኛም "እሺ" የሚለውን ተጭነን እናልፋለን፣
ዐሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ እሺ ብለን ገብተናል፣ እሺ ብለን ወጥተናል።

አንድ ቀን ባንኩ ጠየቀ፦ "ብድር ከፈለጋችሁ፣
ሶፍትዌሩ ሕጋዊ ነው ወይ? የታል ፈቃዳችሁ?"
ያን ለት ነው አለቃችን፣ አቶ ሙዘይን፣ የገባው፣
"የዓመት ፈቃድ" ስንለው "ሥራ በዝቷል" ባዩ ሰው፣
ፈቃድ ማለት በዶላር የሚከፈል ዕዳ እንደሆነ፤
ካልኩሌተሩን ሦስቴ መታ፣ ሦስቴም ፊቱ ዳመነ።

ሻጩ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ጫማውን ከበራችን
ሊስትሮ አስጠርጎ ነው የወጣው ወደ ቢሯችን።
"ዋጋውን አትዩት፣ ፋይዳው ነው ቁም ነገሩ" አለ፣
ስክሪን ላይ ዳገት የሚወጣ መስመር እየሣለ፤
"ተወዳዳሪዎቻችሁ ሁሉ ገብተውበታል፤
የቆመ ሰው በዚህ ዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል።"
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ሽያጩ በመቀመጫ ነው፤
አንድ ስም፣ አንድ መቀመጫ።" በጀቱ አምስት ነው የቻለው።

አምስት መቀመጫ።
ስድስት ሰው።

ታክሲ ቢሆን ቀላል ነበር። ከሜክሲኮ ሲነሣ
ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ" ብሎ ስንቱን ያስገባል፤
ትርፉ ሰው ሞተሩ ላይ ካርቶን አንጥፎ ይቀመጣል፤
ትራፊክ ሲታይ "ጎንበስ!" ሲሉት ጎንበስ ይላል፣ ይታለፋል።
ሶፍትዌር ጠጋ አይልም።
ሃያ ዓመት ትርፍ ስጽፍ፣ ከመዝገቡ ታች በቀኝ፣
ትርፍ መሆን ምን እንደሆነ ያን ሳምንት ነው የገባኝ።

ማታ ማታ ፒያሳ ወጣሁ፣ ኮርስ ተመዘገብኩ፤
ከልጄ እኩዮች መሐል መነጽሬን ይዤ ተቀመጥኩ።
አስተማሪው "እማዬ" ይለኛል፣ "እዚህ ጋ፣ በቀኝ ይጫኑ"፤
ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እደግመዋለሁ፣ እንደ ዳዊት፣ በየቀኑ።

ዝርዝሩ ተለጠፈ። በአገልግሎት ዘመን ነው፤ አንደኛ ጋሽ ዘውገ።
እኔ ከወረቀቱ ጠርዝ በታች ነኝ፣ ፕሪንተሩ ከተወኝ ጋ።

ጋሽ ዘውገ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ሚዛን ሲያስታርቅ የኖረ፣
ማውሱን ግን እንደ ሰው ዕቃ በሁለት ጣቱ ይይዝ የነበረ፣
ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮቱን ለበሰ፤
አለቃችን ቢሮ ገብቶ፣ ሳይቀመጥ ተመለሰ።
"ምን አልከው?"
"ፈቃድ ጠየቅኩት። የተጠራቀመ አለኝ፣
ሃምሳ ሁለት ቀን። እሱ ሲያልቅ ጡረታዬ ይቀበለኛል።"
ሳቀ። "ምነው፣ እኔስ ሕጋዊ ልሁን እንጂ!"

አሁን ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ስከፍተው፣
"እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ዘውገ" ነው የሚለው።
ስም ማስቀየር ያስከፍላል አሉ፣ እሱም በዶላር ነው።
የሠራሁት በሱ ስም ይቀመጣል፣ በሱ ስም ይታተማል፤
ሻጩ ድርጅት "ትጉህ ተጠቃሚ" ብሎ ደብዳቤ ልኮለታል።

ትናንት ለገሃር አጠገብ አገኘሁት፣ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ።
"እህስ፣ ቢሮ እንዴት ነኝ?" አለኝ።
"ጎበዝ ነህ" አልኩት። "ባለፈው ወር አንድ ስህተት አልተገኘብህም።"
"ደሞዝስ? ጨመሩልኝ?"
ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ፤ ገና ይሞቃል።
"ደሞዝ እንኳ አልጨመሩልህም።
ፈቃድህ ግን እስከ ሰኔ ሠላሳ ታድሷል።"